«ሞቴ» የምትለዋ በቀቀን

ዶሮ አርብቻለሁ። ላም አልቤያለሁ። እናቷ የሞተችባትን ጥጃ በጡጦ አሳድጌያለሁ። በቀቀን ግን ዛፍ ላይ ሆና ስትጮህ ከመስማት በቀር ቀርቤ እንኳ አይቻት አላውቅም ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ወፍ ታቅፌ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ስንከራተት ያየኝ ሰው «አሮጊቷ ምን ነካቸው?» ሳይል አልቀረም። የነካኝን ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው ብዕር የያዝኩት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ነው። ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ ቢንጋደድባችሁ ቀና አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

ያኔ ቋሚ ቤት አልነበረኝም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ተፍኪ ያለውን ቤታችንን ለወንድሙ ልጅ ትቼ ወጣሁ። ወንዱ ልጄ ግርማ ሰበታ ነው፤ ፋብሪካ ይሠራል። ሴቷ ልጄ ትዕግሥት ቡራዩ ነች፤ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። እኔ ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው ነበርኩ። ሰበታ ጥቂት ሰንብቼ፣ ገና ሳልሰለች፣ ጓዜን በፌስታል ሸክፌ ቡራዩ እሄዳለሁ። ከዚያም እንዲሁ። በመሃል ንግሥ ካለ እሳለማለሁ፣ ለቅሶ ካለ እደርሳለሁ። «የእርስዎ እግር አያርፍም» ይሉኛል፤ እኔም እስቃለሁ። የማያርፈው ግን እግሬ አልነበረም። ልጆቼ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ግን የትም ብቀመጥ፣ የማንም አልጋ ላይ ብተኛ፣ ለአንድ አዳር የመጣሁ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ብቻ እንዲህ ነበርኩ።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እንደረጠበ ነው፣ አንድ ጠዋት ከሰበታ ቡራዩ ገባሁ። ትዕግሥት የተከራየችበት ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ቤት፣ አዴ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። እኔ ሰበታ ሳለሁ አርፈዋል። ትናንት ሠልስታቸው ሲያበቃ ዘመድ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ዕቃቸውን ጭኖ ሄደ አሉ። በሩ ተዘግቷል። አጥሩ ላይ ግን በሽቦ የተሠራ ጎጆ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከሥሩ አንድ ግራጫ ድመት ጭራዋን እግሯ ላይ ጠምጥማ፣ ቸኩላ የማታውቅ ይመስል፣ ወደ ላይ ታያለች።

ድመቷን አባርሬ ጠጋ አልኩ። ውስጡ ያለችው ወፍ አረንጓዴ ናት፤ ራሷ እንደ ማር ቢጫ፣ አፏ እንደ ማጭድ የቆለመመ። የውኃ ጣሳዋ ደርቋል። ላባዋ ተንጨባርሯል፣ ደረቷ ላይ ራሷ ነጭታው ቆዳዋ ታይቷል። ጣቴን ወደ ሽቦው ሳስጠጋ አንገቷን አዘንብላ አየችኝና፣ በአሮጊት ድምፅ፣ ጎተት አድርጋ፣

«ሞቴ» አለች።

አማተብኩ። የሰው ድምፅ ነው እኮ! የደከማት ሴት ድምፅ።

የግቢው ተከራይ የሆነች አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ኖሮ፣ «እማማ፣ ባይነኳት ይሻላል» አለችኝ። ባለቤቷ ካረፉ ጀምሮ ሞት ሞት ስትል ነው የምትውለው፤ እሳቸውን ጠርታ ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ማንን ልትጠራ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ አከራያችንም ነገ ከግቢ ትውጣልኝ ብለዋል፣ አለችኝ።

«የምትጠራ ከሆነ እኔን አሮጊቷን አልፋ አንቺ ጋ አትደርስም፤ አይዞሽ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ያሰጣችውን የልጅ ልብስ ሰብስባ ራቅ ያለ ገመድ ላይ አሰጣችው።

ጎጆውን ከአጥሩ አውርጄ ልጄ ቤት አስገባሁት። እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። ለዶሮ እንደማውቀው ጥሬ በቆሎ ፈለፈልኩ፣ ሱፍ በተንኩላት፣ ሙዝ ቆረጥኩ፣ ውኃ ሞላሁ። ውኃውን ወዲያው ጠጣች። እህሉን ግን አየችው፣ አየችኝ፣ ዝም አለች።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ነገር ልብ በሉልኝ። ነጠላዬን አውልቄ ጎጆውን ዙሪያውን ሸፈንኩትና ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ። ያደግነው እንደዚያ ነው። ሰው ሲበላ ዓይን አይተከልበትም። እናቴ መንገድ ላይ ቁራሽ ስታጎርሰን እንኳ በነጠላዋ ከልላን ነው፤ የሰው ዓይን የገባበት እህል ይጎዳል ብላ። ያቺ ወፍ ደግሞ ባለቤቷ የሞቱባት፣ ቤት የፈረሰባት፣ አጥር ላይ የተጣለች እንግዳ ናት። እንደ እንግዳ አከበርኳት። ተሸፍና፣ ማንም ሳያያት፣ በነጻነት ትብላ አልኩ።

ከቆይታ በኋላ ገልጬ ሳይ አንዲት ፍሬ አልተነካም። «በደንብ አልጋረድኳትም መሰለኝ» ብዬ ነጠላውን አጥብቄ ሸፈንኩ፤ በሩንም ዘጋሁት። ከውስጥ ሆና፣ «ሞቴ» ትላለች። ዝም ትልና፣ «ሞቴ»።

ትዕግሥት ማታ ከሱቅ ስትመጣ ነገሩን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አይታ ፊቷ ወደቀ። «እማዬ፣ ይቺ ወፍ እኮ ልትሞት ነው» አለችኝ። አከራይዋን ደግሞ መጋፈጥ አልቻለችም፤ የቤት ነገር ነው፣ አልፈረድኩባትም። እኔም ችግር የለም፣ ነገ ይዣት ሰበታ እሄዳለሁ፣ ሰበታ ይሞቃል፣ ግርማ ሐኪም ያውቃል አልኳት። ፌስታሌ እንደሆነ ገና አልተፈታም።

በማግሥቱ ጎጆውን ታቅፌ ታክሲ ገባሁ። ረዳቱ ጎጆውን አይቶ፣ «እማማ፣ ሰው ነው ዶሮ?» ይለኛል። በቀቀን ናት ስለው፣ «ታወራለች?» አለ። እሷ ደግሞ ምን ትላለች፣ ልክ ሲጠይቃት፣ «ሞቴ»። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሻንጣውን አንሥቶ ከኋላ ወንበር ሄደ። ረዳቱ ግን ተመችቶት፣ «እማማ፣ በዚህ ዓይነት እስከ ሰበታ ድረስ ሰፊ ቦታ አለዎት» ብሎ ታክሲውን ሁሉ አሳቀው። እኔም ሳቅሁ። በነጠላዬ ሥር ግን ጣቴን አስገብቼ ደረቷን ስዳስስ ልቧ እንደ ሰዓት ይመታል፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለም።

ግርማ ከሥራ ወጥቶ መንገድ ላይ ተቀበለኝ። «እማ፣ ለበዓል ገና ነው እኮ፤ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ ሊያሾፍ ሲል ገልጬ አሳየሁት። ልጄ ሆዱ አይችልም፤ ያኔውኑ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰደን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጥሩ ሰው። እውነቱን አልደበቀኝም። «እናቴ፣ እኔ የማክመው ላምና ዶሮ ነው፤ በቀቀን በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ፎጣ ጠቅልሎ ሲይዛት አውራ ጣቱን ነከሰችው፣ ደማ። «ጥሩ ነው፣ ጉልበት አላት ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ዓይኗን፣ አፏን፣ ኩሷን ሁሉ አየ። የሚያውቀው ሰው ዘንድ ደውሎ ብዙ ተነጋገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ ነገረኝ። በሽታ አላየሁባትም፤ ጨው እንዳትሰጧት፣ አቮካዶ እንዳትሰጧት መርዝ ነው፣ የከሰል ጭስ እንዳይነካት፣ ሙቀት አትለያት፤ ዋናው ግን መብላቷ ነው አለ።

«ካልበላችስ?» አልኩት።

«ወፍ በሰውነቷ ስንቅ አትይዝም፣ እናቴ። ነገም ካልበላች አትተርፍም። በግድ አፏን ከፍተን ብናበላት በድንጋጤ ልትሞትብን ትችላለች። የባለቤቷ ዘመድ ካለ ፈልጉ፤ ምን እንደለመደች የሚያውቅ አይጠፋም።»

ዘመድ ሲል እኔ ማንን አውቃለሁ? ለትዕግሥት ደወልን። እሷ አከራይዋን ጠይቃ መለሰችልን፤ ዕቃውን የጫነችው የወንድማቸው ልጅ ናት፣ ሌሊሴ ትባላለች፣ ሱሉልታ ከድርቆሽ መሸጫው በላይ ወተት ትሸጣለች።

ያን ዕለት ማታ ግርማ ቤት ሰው እንዳይገባባት መኝታ ክፍሉን ለሷ ለቀቅን። ከነጠላዬ ላይ ጋቢ ደረብኩበት። ፓፓያ አለ፣ ለውዝ አለ፣ ካሮት አለ። ሳሎን ተቀምጠን እኔና ግርማ ድምፃችንን ቀንሰን፣ አራስ ያለ ይመስል፣ ጆሯችንን ወደ በሩ አድርገን ጠበቅን። የምንሰማው ያንኑ ነው። ወዲያው ወዲያው ስትል ቆይታ እየራቀ፣ እየሰለለ ሄደ። ከዚያ ጭራሹን ዝም አለች። ግርማ «በላች ይሆን?» አለኝ በዓይኑ። ገባሁና አየሁ። አልበላችም። ድምፅም አጣች።

ጠዋት ስንነሣ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መቆሚያዋን ለቅቃ ጎጆው ወለል ላይ ተቀምጣለች። ዶሮ ያረባ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ከሰበታ መሃል ከተማ፣ ከመሃል ከተማ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ። ጎጆዋን በነጠላና በጋቢዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኩት። ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ አወራታለሁ። አይዞሽ፣ ደረስን፣ አልኳት። የሰው አገር ሰው መሆንን እኔም አውቀዋለሁ፣ አልኳት። አጠገቤ ያሉ ሰዎች ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም አላረምኳቸውም። ዳገቱን ወጥተን የሱሉልታ ሜዳ ሲገለጥ ነፋሱ በመስኮቱ ገባ፤ እሷ ስትንቀጠቀጥ በልብሴ በኩል ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ የሞተ አይንቀጠቀጥም።

ድርቆሽ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። «ፈያ፣ ነጋ» ብለው ተቀበሉኝ። ሌሊሴን ስላቸው በከዘራቸው ወደ ላይ አሳዩኝና፣ በጋቢዬ ውስጥ ያለውን አይተው፣ «ልጁ ታሟል?» አሉኝ። «አዎ፣ ታሟል» አልኩ። መልካም ተመኝተውልኝ በአማርኛም በኦሮምኛም መረቁኝ።

ሌሊሴ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት። በሩን ከፍታ ሰላም ብላኝ፣ ጎጆውን ስታይ ወደ ኋላ ሸሸች። ቤቷ ውስጥ የአክስቷ ዕቃ እንደወረደ ተከምሯል፤ አልጋው ተፈታትቶ ግድግዳ ተደግፏል፣ ወንበሩ በወንበር ላይ ነው። የት እንደምቀመጥ ጠፋት። አንድ ወንበር አውርዳ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ።

ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ወፏ ለሦስተኛ ቀን እህል እንዳልቀመሰች ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«እማማ፣ ለምን አመጡብኝ?» አለችኝ። «ጨክኜ የጣልኳት መስሎዎታል። አይደለም። ድምፁ የአዳዳ ነው።» አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ናት። «ቀብረናት ተመልሰን ቤቱን ስከፍት ከውስጥ ተናገረችኝ እኮ። ያሳደገችኝ ሴት ድምፅ። መኪናው ላይ ላሳፍራት ሄጄ እጄ እምቢ አለኝ።»

ወንበሬን ወደሷ ጠጋ አደረግኩ። እሷም ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች፤ እንግዳ ነኝና፣ ምሳ ሰዓት ነውና፣ ትኩስ የተቀቀለ በቆሎ አለ፣ ላምጣ አለችኝ።

«አይ፣ በልቻለሁ» አልኩ።

አልበላሁም ነበር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በቅጡ አልበላሁም። ግን እንዲህ ነው ልማዴ። በኛ ጊዜ እንግዳ ሲቀርብለት መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል። ባለቤቷ ደግሞ ትለምናለች፤ ትምላለች፣ ትቆጣለች፣ እጁን ይዛ ታስታጥባለች። ልመናው ነው ምግቡ። የዛሬ ልጆች ግን ይህን ወግ አያውቁትም። በልቻለሁ ካልክ በልተሃል። ልጆቼም እንዲሁ ናቸው። «እማዬ ትበያለሽ?» ሲሉኝ «በልቻለሁ» እላለሁ፤ እነሱም እሺ ብለው ድስቱን ይከድናሉ። እኔም ደግመው እስኪለምኑኝ እጠብቃለሁ። ሳይለምኑኝ ሲቀሩ፣ በቃ፣ የሰው ቤት ነው፣ ብዬ ፌስታሌን አነሣለሁ። ሌሊሴም እንደ ልጆቼ አመነችኝ። ለወጉ ያህል ሁለት ራስ በቆሎ በሳህን አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችና ተቀመጠች። በቆሎው ይጨሳል። ማንም እጁን አልዘረጋም።

በዚያ መሃል፣ ከነጠላው ሥር፣ ከሌሊት ጀምሮ የጠፋው ድምፅ መጣ።

«ሞቴ።» ትንሽ ቆየና፣ ልስልስ ብሎ፣ «እንዲቹ ብቻ።»

ሌሊሴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ደግሞ «እንዲቹ ብቻ» የምትለውን ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም።

«ሞት ትጠራለች ነው የሚሏት» አልኩ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለች ሌሊሴ። እያለቀሰች ትስቃለች። «በሞቴ እኮ ነው የምትለው! አዳዳ ስትቸኩል ‹በ›ን ትውጣታለች። በሞቴ፣ እንዲቹን ብቻ፣ ይቺን ታህል፣ ትላታለች። አንድ ፍሬ ለራሷ፣ አንድ ፍሬ ለሷ። አዳዳ ሳትቀምስ ወፏ አትቀምስም። እኔንም እንዲሁ ነበር ያሳደገችኝ። ጠገብኩ ስል፣ በሞቴ። እማማ፣ እርስዎ ‹በልቻለሁ› ሲሉ ሰምታ እኮ ነው።»

ተመልከቱልኝ እንግዲህ። ቡራዩ ላይ እህል አቅርቤላት ስወጣ፣ ሰበታ ላይ ጋቢ ደርቤ በር ስዘጋባት፣ ያቺ ወፍ እኔን ስትለምነኝ ነበር። ነይ አብረን እንብላ ስትለኝ ነበር። እኔ አክብሬያት፣ ከዓይን ጠብቄያት፣ ብቻዋን በጨለማ ውስጥ በረሃብ ልገድላት ነበር። እሷ ደግሞ ጉልበቷ አልቆ ወለል ላይ ወድቃ እንኳ እንግዳዋ አልበላም ስትል ሰምታ ማለፍ አልቻለችም።

ሰው በሞቴ ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? እምቢ አይባልም። በቆሎውን አነሣሁ። የማላውቃቸውን ሴት፣ አፈር የለበሱትን፣ «አይሙቱብኝ» አልኳቸውና ጎረስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ተለምኜ የጎረስኩት ጉርሻ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌሊሴ ተነሥታ ነጠላውን ገፈፈችው። ወፏ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ፊቷ ተቀምጬ እንድታየኝ አድርጌ አኘክሁ። ሌሊሴም ሁለተኛውን በቆሎ አንሥታ አጠገቤ በርከክ አለችና እሷም ጎረሰች። ከዚያ አንዲት ፍሬ ፈልቅቄ፣ እፍ ብዬ አቀዝቅዤ፣ በሽቦው መሃል ዘረጋሁላት።

አልወሰደችም።

እጄን አላነሣሁም። ወፏ ፍሬዋን ታያለች፣ እኔን ታያለች። የኔ ድምፅ ለሷ የማን ድምፅ ነው? ያሳደግኳት እኔ አይደለሁም። ግን ሌላ የማውቀው የለኝም።

«በሞቴ» አልኳት። «እንዲቹን ብቻ።»

ክንፏን ሳብ አድርጋ ተነሣች። በእግሯ ሳይሆን በአፏ ሽቦውን ነክሳ፣ እየተንገዳገደች ወደ ጣቴ መጣች። ፍሬዋን ወሰደች። ጣለቻት። ልቤ አብራ ወደቀች። ሌላ ሰጠኋት። ይቺን ወሰደቻት፣ በምላሷ አገላበጠቻት፣ ልጣጯን ላጠችና ወለሉ ላይ ተፋችው። ያን ልጣጭ ያየሁበት ደስታ ልጆቼ ጥርስ ሲያወጡ ካየሁት አያንስም። ሌሊሴ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። አንድ ለኔ፣ አንድ ለሷ፣ አንድ ለሌሊሴ እያልን ሳህኑን ጨረስነው።

ሌሊሴ አልሄድም ሳልላት አልጋውን ገጣጥማ እዚያው አሳደረችኝ። ወፏ ወለላ እንደምትባል ነገረችኝ፤ ራሷ እንደ ማር ቢጫ ስለሆነ ነው ስሟ። ጎመን እንደምትወድ፣ የእንጨት ቁራጭ ካልሰጧት የበር መቃን እንደምትበላ፣ ጀንበር ስትገባ ዝምታ እንደምትፈልግ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ጠዋት ስንሰነባበት ጎጆውን ራሷ አንሥታ እቅፌ ላይ አደረገችው። «እኔ ገና ድምፁን አልቻልኩትም፤ እርስዎ ያሳድጓት» አለችኝ።

ቡራዩ ስመለስ አከራይዋ በር ላይ ቆመው ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው። አዴ በላይነሽ ስንቴ በሞቴ ብለው እንዳበሏቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቀስ ብለው ወደ ጎጆው ጎንበስ አሉ። ወለላም አላሳፈረችኝም፤ ያቺኑ አለቻቸው። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ከግቢ ትውጣ የሚል ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ማታ ትዕግሥት ድስቱን እየከፈተች እንደ ሁልጊዜዋ «እማዬ፣ ትበያለሽ?» አለችኝ።

«ርቦኛል» አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። በአርባ ዓመት ዕድሜዋ ይህን ቃል ከአፌ ሰምታው አታውቅም። «ምነው፣ ታመሻል?» አለችኝ። አልታመምኩም፣ ርቦኝ ነው፣ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ በልቻለሁ ስል ምን እየጠበቅኩ እንደነበር ጭምር። ጭልፋውን እንደያዘች ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ማስጨነቅ መስሎኝ ነው እማዬ፤ በግድ ብይ ማለት የሚከብድሽ እየመሰለኝ» አለች። እሷም እንደ እኔ ናት ለካ፤ አክብራኝ ነው የጋረደችኝ።

ፌስታሉን ፈትቼ ልብሴን ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀልኩት በማግሥቱ ነው። ወፍ ይዞ መዞር አይቻልም፤ ብርድ ይመታታል፣ ጭስ ይገላታል። ግርማ ናፈቅሽኝ ሲል፣ አንተ ና፣ እዚህ ምግብ አለ እለዋለሁ። ይመጣል። ከሰሉን ወደ ውጭ አወጣነው። ጠዋት ጠዋት ወለላን ውኃ ረጨት አደርግላታለሁ፤ ክንፏን ዘርግታ እንደ ልጅ ትቦርቃለች። ደረቷ ላይ ላባ አብቅላለች። አሁንም ስትናደድ ትነክሳለች፤ አውራ ጣቴን አሳያችሁ ነበር። ወፍ ማሳደግ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ይቆሽሻል፣ ይጮሃል፣ ብቻዋን ጥላችኋት መዋል አትችሉም። የተጣለች ወፍ ያነሣችሁ እንደሆነ ግን ይህን አንድ ነገር ከኔ ውሰዱ፤ ምን ትበላለች ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ከማን ጋር ትበላለች በሉ።

ደግሞ ቤታችሁ እናት ወይ አባት ያላችሁ፣ ወይ በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ያላችሁ። በልቻለሁ ሲሏችሁ ቶሎ አትመኗቸው። ድስቱን ሳትከድኑ አንዴ ደግማችሁ ለምኑ። ምናልባት እውነት በልተዋል። ምናልባት ደግሞ በልመናው ብቻ ይጠግባሉ። እናንተም ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ፣ ሲርባችሁ ርቦኛል በሉ። ቃሉ አፍ ላይ ይከብዳል፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ምንም አያደርግም።

ባለፈው እሑድ ሌሊሴ ከሱሉልታ መጣች፤ ትኩስ ወተት ይዛ። የአክስቷን ድምፅ በርትታ ልትሰማ እንደመጣች ሳትነግረኝ ገባኝ። ማዕድ ቀረበ። «ሌሊሴ፣ ብዪ እንጂ» ስላት «በልቼ ነው የመጣሁት» አለችና ጆሮዋን ወደ ጎጆው አቀናች። ወለላ ጎመኗን ስትቀዳድድ ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻት። ጠበቅን። ሌሊሴ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ዓይኗ ግን ሞላ። ወፍ ናት፣ በፈለጋት ጊዜ ነው የምትናገረው።

እንጀራውን ጠቀለልኩና በወለላ ፋንታ እኔው ልጅቷን ለመንኳት። ሌሊሴም አፏን ከፈተች።